ቀትር ላይ አቤት ማለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ በዚህ በመተማ ቆላ ቀትር ላይ ከሰሊጡ ውስጥ ድምፅ ከተጣራ አቤት አይባልም ነበር። ዝም ነው። አንገትን ደፍቶ ዝም። ለምን ብትሉ፣ የቀትሩ ጋኔን የሰው ድምፅ ተውሶ ይጠራል፣ አቤት ያለውን ይዞት ይሄዳል ይባል ነበራ። አንተ ምን ታፈጥብኛለህ? እዚያ ብትሆን አንተም ዝም ትል ነበር። ያ ሜዳ እኮ ጠዋት የሰው ነው፣ ቀትር ላይ ግን የማን እንደሆነ እንጃ። ዋልካው አፈር ተሰነጣጥቆ፣ አየሩ እንደ ውሃ እየተንቀጠቀጠ፣ የቆመው ነዶ ሁሉ ሰው መስሎ ይታያል፣ ነፋስ የለ፣ ወፍ የለ።

ታዲያ እኔ ከገንዳ ውሃ ወዲያ አንድ ባለሀብት እርሻ ላይ ለሰራተኛው ወጥ እሰራ ነበር፣ ይበልጣል የሚባለው ልጄ ደግሞ እዚያው ያጭዳል። እና አንድ ዓመት አበጀ የሚባል የጎጃም ልጅ ቀትር ላይ ተጣራ። "ኧረ ሰዎች! ኧረ ድረሱልኝ!" ይላል። ማን አቤት ይበል? ሁላችንም ዝም። አመሻሽ ላይ ሄደው ሲያዩት ነዶውን አቅፎ ደርቋል። ሙቀት ነው አሉ፣ ጋኔን ነው አሉ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

ታዲያ በዓመቱ ባለሀብቱ አንዲት ልጅ ይዞ መጣ፣ ሰብለ ትባላለች፣ ሰራተኛ በስራው ላይ እንዳይጎዳ እንዳይሞት ደንብ የምታወጣ ናት ተባለ። ራኩባው ስር፣ ያው የሳሩ ዳስ ስር ሰበሰበችንና "ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ይገባል፣ ውሃ ሳይጠማችሁ ትጠጣላችሁ፣ በተባይ መድኃኒት ጀሪካን የመጠጥ ውሃ አይቀዳም፣ ብቻውን የሚያጭድ አይኖርም፣ ሁለት ሁለት ሁኑ" አለች። እሺ፣ እሺ፣ እሺ አሉ። "ሰው ከተጣራም አቤት ብላችሁ ትሮጣላችሁ" ስትል ግን ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ካቦው አያሌው፣ የአጫጆቹ አለቃ፣ ተነሳ።

"እቱ፣ ሌላውን ሁሉ እንታዘዛለን። ይችን ግን ተይን።"

"ለምን አባባ?"

"የጠራው ሰው ይሁን ሌላ በምን ይለያል?"

አልሳቀችም፣ ይህን ወደድኩላት። አሰበች፣ አሰበችና "ያ ሌላው ምን ይፈራል?" አለችው።

"ብረት ነዋ! ብረት አይነካም።"

"እንግዲያ መጥሪያውን ብረት እናድርገዋ!"

እና ከተሰበረ መኪና የባሌስትራ ብረት ስባሪ አስመጣችና በየማሳው ዳር እንጨት ላይ አንጠለጠለች። "እባብ የነከሰው፣ የታመመ፣ በማጭዱ ይህን ይምታ፣ ቅው ሲል የሰው መሆኑን አውቃችሁ ትሮጣላችሁ" አለች። ወይ ደስታ! ሰዉ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ጋኔኑን ያሰርነው መሰለን እኮ።

ሰነበተና፣ ሰሊጡ ደርሶ ሊረግፍ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ በተጣደፈበት ሰሞን፣ የይበልጣልን ጓድ ወባ ይዞት ክሊኒክ ሄደ። ልጄ ብቻውን ቀረ። ቀትር ሆነ፣ ሁሉም ራኩባው ገባ፣ ይበልጣል የለም። "ይችን ልጨርስ ብሎ ነው፣ ይመጣል" አሉኝ። እና ያኔ ከሜዳው፣ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣

"እማ!"

ዘልዬ ልነሳ ስል አያሌው ክንዴን ያዘኝ።

"አቤት እንዳይሉ፣ እትዬ ዝናሽ!"

"የልጄ ድምፅ ነው!"

"ድምፁማ የልጅዎ ነው። ብረቱስ? ብረቱ ተመታ? ሰው ቢሆን ብረቱን ይመታ ነበር!"

እና ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ "እውነት ነው፣ ብረቱ አልተመታም፣ አልተመታም" ይላሉ። አያችሁ? ለመዳኛ ያበጀነው ነገር ዞሮ እኛኑ አሰረን።

"እማ!" አለ ደግሞ። አሁን በወዲያኛው በኩል፣ ከወንዙ አቅጣጫ!

"ሰው ባንድ ጊዜ እዚህም እዚያም ይሆናል?" አለ አያሌው፣ ክንዴን ሳይለቅ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ለእኔው ፈርቶ ነው።

ሰብለ ፊቷ አመድ መሰለ። "የወደቀ ሰው ብረቱን በምን አቅሙ ይመታዋል? እንዴት አላሰብኩትም!" አለች።

እኔ ክንዴን መንጭቄ "አቤት! አቤት ልጄ! መጣሁ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፁ ያን ጊዜ ቀጥ አለ። ቀጥ! ዳግመኛ አልተሰማም። ሰዉ ሲያማትብ ትቼው፣ እኔና ሰብለ ውሃ ይዘን ወደ ልጄ ማሳ ሮጥን።

ይበልጣል ከብረቱ ስር ተዘርሯል። ማጭዱ በእጁ ነው፣ ብረቱ ከራሱ በላይ ነው፣ እጁን ማንሳት አቅቶታል። ገላው ፍም፣ ላብ የሚባል የለ፣ ዓይኑ ነጩ ብቻ። ሰብለ ሸሚዙን ቀድዳ ውሃውን አፈሰሰችበት፣ "በነጠላዎ ያራግቡት፣ እማማ፣ እንዳያቆሙ!" ትለኛለች፣ አራገብኩ፣ አራገብኩ። አያሌው ከኋላችን ደረሰና ተሸክሞ ጥላ አገባው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዓይኑን ገለጠ።

"ልጄ፣ እንኳን ጠራኸኝ" አልኩት።

"እኔ መች ጠራሁ? ምላሴ ከትናጋዬ ተጣብቆ፣ እንኳን ልጣራ መተንፈስ አቅቶኝ ነበር እኮ፣ እማ።"

አያሌው ሰማ። ሰብለ ሰማች። ማን እንደጠራኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በነጋታው ሰብለ ሰበሰበችን። "ብረቱም ይኑር፣ ግን ከእንግዲህ ድምፅ ከመጣ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ አቤት ብሎ መሄድ ነው። ጓዱ የታመመበትም ሌላ ጓድ ሳያገኝ አያጭድም" አለች።

አያሌው ተነሳ። "እቱ፣ የጠራው ያው እሱ ቢሆንስ?"

እሷን ቀድሜ እኔ መለስኩለት፣ "እሱም ቢሆን ውሃ ይዛችሁ ሂዱለት! በዚህ ሙቀት ጋኔን አይጠማውም ያላችሁ ማነው?"

ኪ ኪ ኪ! ራኩባው በሳቅ ሊፈርስ! አያሌውም ሳቀ። ግን ልጆቼ፣ ከዚያ ወዲያ ቀትር ላይ በተጠራ ቁጥር አያሌው ሲሮጥ ሁለት ጀሪካን ነበር የሚይዘው። አንዱ ለሰው ነው። ሌላው ለማን እንደሆነ እኛም አልጠየቅነው፣ እሱም አልነገረን፣ ሲመለስ ግን ሁለቱም ባዶ ነበሩ።