ቢላ የሚያወጣው

ቀዳም ሥዑር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ዶሮ አርቢዎቹ ባልና ሚስት ማንደፍሮና ውድነሽ፣ ቢሾፍቱ ጓሯቸው ውስጥ፣ ለፋሲካ ካረዷት ዶሮ አጠገብ።

ማንደፍሮ፦ ቅበሪው አልኩሽ! አንጀቱን ቅበሪውና ሌላ አርድልሻለሁ።

ውድነሽ፦ ሌላዋም እንዲህ ብትሆንስ? እየው እስቲ፣ ወስፋት ሞልቶታል!

ማንደፍሮ፦ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።

ውድነሽ፦ ባይሰማስ? ሠላሳ ዶሮ ለሰፈሩ ሸጠናል። ይኼኔ በየቤቱ ቢላ እየተሳለ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የኛን ግን ቢላ ሊያወጣው ነው!

ማንደፍሮ፦ ሰው ላይ አይተላለፍም። የእንስሳት ሐኪሙ ራሱ የዶሮ ወስፋት የዶሮ ነው አላለም?

ውድነሽ፦ እስቲ ይህን ለእትዬ ሙላቷ ንገራቸው! «ከነውድነሽ ግዙ፣ እኔ ዋስ ነኝ» ብለው ሰዉን የላኩልን፣ ራሳቸውም የገዙን እሳቸው ናቸው። ከዛሬ በኋላ ማን ደጃችንን ይረግጣል? ፈራሁ እኮ!

ማንደፍሮ፦ እኔስ መች አልፈራሁም?

ውድነሽ፦ ቆይ፣ የወስፋቱን መድኃኒት ውሃቸው ውስጥ በጥብጠህላቸዋል አይደል?

ማንደፍሮ፦ አንጀቱን ስጪኝ፣ እኔ ልቅበረው።

ውድነሽ፦ ማንደፍሮ!

ማንደፍሮ፦ ጾም ነው፣ እንቁላል የሚገዛ የለ። እስከ ፋሲካ ቢቆዩ ምን ይሆናሉ ብዬ… አልገዛሁትም።

ውድነሽ፦ እየበሉ ከሱ፣ ፊታቸው ገረጣ ስልህ «ሰጥቻቸዋለሁ» አላልከኝም? እኔም አምኜህ ለሰው ሸጥኩ!

ማንደፍሮ፦ ዋሸሁሽ።

ውድነሽ፦ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ይኸው ቀለለ!

ማንደፍሮ፦ ዝም ብንልስ? ሰው በበዓል ጥድፊያ አንጀቱን ሳያይ ይጥለዋል።

ውድነሽ፦ እትዬ ሙላቷ? አንድ ዶሮ ሲያጥቡ በርሜል ውሃ የሚጨርሱት ሴትዮ?

ማንደፍሮ፦ እና ሠላሳ በር ላንኳኳ ነው?

ውድነሽ፦ አዎ፣ ሳያርዱ ድረስባቸው!

ማንደፍሮ፦ በየትኛው ፊቴ?

ውድነሽ፦ ስልክህ ይጠራል። ማነው?

ማንደፍሮ፦ እትዬ ሙላቷ ናቸው።

ውድነሽ፦ በእመቤቴ! እንዳታነሳ! አጥፋው… ወይ አምጣው፣ ዶሮዎቹ ስንሸጣቸው ደህና ነበሩ እላቸዋለሁ። መኖው ነው እላለሁ። የሆነ ነገር እላለሁ!

ማንደፍሮ፦ ተይ፣ ውዴ። አቤት እትዬ… አዎ፣ ወስፋት ነው። መድኃኒቱን ያልሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ውድነሽ አታውቅም።