ቀይ ባሕር ውስጥ የተነከረው ጨርቅ

በደርግ ጊዜ ነው። ከናዝሬት ወደ መቂ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ አንድ የቆቃ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌና ለዕረፍት አገሩ የመጣ የቀይ ባሕር ነዳጅ ቁፋሮ መካኒክ ተቀምጠዋል።

«ባሕር መሀል ነዳጅ ትቆፍራላችሁ አሉ። ዓሣውስ?» አሉ ሽማግሌው።

«አባባ፣ አያስቡ! ከብረት መድረካችን አንዲት ጠብታ ዘይት አትወርድም።»

«በምን ታውቃለህ?»

«ጠዋት ጠዋት ነጭ ጨርቅ በገመድ አስረን ባሕሩ ውስጥ እንነክራለን። ዘይት ይዞ ከወጣ ሥራ ይቆማል።»

«ይዞ ወጥቶ ያውቃል?»

«አንድ ቀን ጠቁሮ ወጣ። ጓድ ኃላፊያችን ‹ኮታው ሊጎድል ነው፣ ቀጥሉ!› ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ሞተሩን በእጄ አጠፋሁት። የሚያፈሰው ቧንቧ እስኪገኝ ሞተሩን ማንም አልነካውም።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!»

«ጨርቁንም ራሴ አጠብኩት። ዛሬም እንደ አዲስ ነጭ ነው።»

«በምን ለቀቀልህ?»

«በላምባ ነዋ! ዘይት በሳሙና መች ይለቃል?»

«ላምባውንስ የት ደፋኸው?»

መካኒኩ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ቆቃ ደረስን እንዴ?» አለ።

እኔ እግሬ ሥር ያስቀመጥኩትን የላምባ ጀሪካን ክዳን ቀስ ብዬ አጠበቅኩት።