ነጭ ዳንቴል በጥቁር ቀሚስ ላይ

ልትቀብሯቸው የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ ይህን የማነብላችሁ የወይዘሮ አለሚቱ ቢቂላ የወንድም ልጅ፣ ኢፍቱ ሮሪሳ ነኝ። ሰው ፊት መቆም እንደሚከብደኝ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የማያውቀው ክፍል ስላለ ለሌላ ሰው አሳልፌ መስጠት አልቻልሁም።

ወይዘሮ አለሚቱ ከአባታቸው ከአቶ ቢቂላ ጉዲሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዳቱ ዋቆ፣ ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት የእርሻ መንደር በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። አቃቂ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በክር ማጠንጠኛ ክፍል አገልግለዋል። በ1976 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ፍቅሩ ተሰማ ጋር ጎጆ መሥርተው አያናንና ትንቢትን ወልደው አሳድገዋል።

ዳንቴል መሥራት የጀመሩት በፋብሪካው የምሳ ሰዓት ሲሆን፣ እዚህ ከቆማችሁት መካከል የሶፋችሁ ልብስ የእሳቸው እጅ ያላረፈበት ጥቂት ናችሁ። ነጋዴዎች ግን እየተረከቡ "የውጭ ነው" እያሉ ይሸጡባቸው ስለነበር፣ በገዛ ስማቸው ለገበያ የቀረበ አንድ ዳንቴል ማየት ትልቁ ምኞታቸው ሆነ።

በ2014 ዓ.ም. አቶ ፍቅሩ ባረፉ በጥቂት ወራት፣ ሐዘኑ እንዲቀልላቸው ብዬ በኢንተርኔት ገበያ ላይ በስማቸው ሱቅ ከፈትሁላቸው። ገበያው የፎቶ ደንብ ነበረው፤ ከዕቃው ኋላ ያለው ነጭ ይሁን፣ ዕቃው ብቻ ይታይ፣ የሰው አካል አይግባበት ይላል። ነጩን ዳንቴል በነጭ አንሶላ ላይ ዘርግተን ስናነሳው አበባውም ጫፉም ድራሹ ጠፋ። በሰማያዊ ፎጣ ላይ ያነሳነው ተመለሰ፣ በጠረጴዛ ላይ ያነሳነው ተመለሰ፣ ጣታቸው ጠርዙን ይዞ ስለታየ ብቻ የተመለሰም አለ። ለገበያው ሰዎች ደጋግሜ ብጽፍም መልሱ ያው ደንቡ ነበር።

"ዳንቴል እኮ ግማሹ ቀዳዳ ነው፤ ነጭ ላይ ምኑን ያዩልኛል?" ይሉኝ ነበር። "ደንብ ነው፣ አክስቴ" ስላቸው፣ "እንግዲያው ደንቡን ያወጣው ሰው ቤት ሶፋ የለም!" ብለው ይበሳጩ ነበር።

አንድ ቀን ብስጭቱ ሞልቶ ፈሰሰና ዳንቴሉን ከአንሶላው ላይ መንጭቀው፣ በለበሱት ጥቁር የሐዘን ቀሚስ ደረት ላይ ዘርግተው "በሉ፣ ይህንንም መልሱ!" ሲሉ ራሳቸውን ሳቅ አመለጣቸው። ያን ጊዜ አነሳኋቸው። እያንዳንዱ አበባ በጥቁሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። እሳቸው ሳያዩት ላክሁት፤ "የሰው ፊት ይታያል" ተብሎ ተመለሰ። በኋላ ሳሳያቸው ደነገጡ፤ "የባሌ ዓመት ሳይወጣ፣ ከል ለብሼ ስስቅ ሰው እንዳያየኝ! አጥፊው" አሉኝ። አጥፍቼዋለሁ አልኋቸው። አላጠፋሁትም።

በመጨረሻ ገበያው የተቀበለው በነጭ አንሶላ ላይ የተነሳውን ነው። እስከ ዛሬ ሱቃቸው ውስጥ የሚታየው ባዶ ነጭ ነገር ሲሆን፣ ከገዢ የመጣላቸው ብቸኛ መልእክትም "ዕቃው የታለ?" የሚል ነበር። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ወይዘሮ አለሚቱ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ በ65 ዓመታቸው ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ።

ትናንት ልጆቻቸው በሣጥኑ ፊት የሚቆም ፎቶ ቢፈልጉ፣ ከደበዘዘ የፋብሪካ መታወቂያ በቀር አጡ። ስልኬ በዳንቴል ፎቶ የተሞላ ነው፤ እሳቸውን ግን ደንብ ለማክበር ስንል ከሁሉም ላይ ቆርጠን አውጥተናቸዋል። የተረፈው ያ የሳቁበት ብቻ ነው። ስትገቡ "ከል ለብሰው እንዴት እንዲህ ይስቃሉ?" ስትባባሉ ሰምቻለሁ። አደራቸውን ያፈረስሁት እኔ ነኝና እሳቸውን አትታዘቡ። ይልቅ ጠጋ ብላችሁ በደረታቸው ላይ ያለውን ሥራ እዩላቸው፤ ከሥሩ ስማቸው ተጽፏል።

ወይዘሮ አለሚቱ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን አቶ ሮሪሳንና እኔን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እንዳለች፣ ሳይመልስ ይቀበልልን፤ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።