የእትዬ ዘነበች ውሃ

በደርግ ጊዜ ቀበና ውስጥ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበርኩ። የበላያችን የነበረው ከፍተኛ ለአንድ ቦኖ ውሃ የሚበቃ በጀት ሲያገኝ፣ እኔና የጎረቤት ቀበሌ ሊቀመንበሯ እትዬ ዘነበች ስብሰባ ላይ ተፋጠጥን። እኔ ስለ ልማት ረጅም ንግግር አደረግሁ፤ ተጨበጨበልኝም። እሷ ግን ብድግ ብላ፣ "ጓዶች፣ ከመወሰናችሁ በፊት ከወንዝ አንድ እንስራ ውሃ አብራችሁን ቅዱ" አለችና ቁጭ አለች። የከፍተኛው ሊቀመንበር በማግስቱ እንስራ ተሸክሞ ዳገቱን እያለከለከ ወጣና፣ "በቃ፣ ቦኖው የእናንተ ነው" አላት። አንጀቴ አረረ። የኛ ሴቶችስ የሚወጡት ዳገት አይደለም?

ቦኖው የተመረቀ ቀን እንከን ልፈልግለት ሄድኩ። እትዬ ዘነበች ገና ስታየኝ፣ "ጓድ ታደሰ፣ የእናንተም ሴቶች እንዲቀዱ ብዬ ድንበሩ ላይ ነው ያስተከልኩት" አለችኝ። ምነው ባላደረገችው! የምቆጣበት ሰበብ እንኳ አሳጣችኝ። የኔ ቀበሌ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የገዛ ሚስቴ ድምፅ ነበር። ቤት ስንገባ ብርጭቆ ሙሉ ውሃ አቀረበችልኝና፣ "እስቲ ቅመሰው፣ የእትዬ ዘነበች ውሃ!" አለችኝ። ጉሮሮዬ ክው ብሎ ደርቋል።

"አልጠማኝም" አልኳት።