የኖኤላ ስም እና ሁለቱ ነጥቦች

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ዊኒፔግ ውስጥ በማስተምርበት ኮሌጅ፣ በፈተናው ክፍል በኩል ሳልፍ ኖኤላ ጎድሪን በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ቀን አውቶቡስ እየነዳች ማታ ማታ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ የምትማር የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። ስሟ በፈረንሳይኛ ሲጻፍ «Noëlla» ነው፤ ኢ (e) ላይ ሁለት ነጥብ አለበት። በር ላይ ያለው ኮምፒውተር ስሟን ብትጽፍለት «ከዝርዝሩ የለም» ብሎ መልሷታል። ፈተናው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

ፈታኙ ሚስተር ኦርቪል ፔትራሽ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ የበሩንም ፕሮግራም ራሳቸው የጻፉ ሰው።

«ልጄ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አሏት። «ኢ በምትባለው ፊደል ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች ተይና ለሚቀጥለው ፈተና ተመዝገቢ። ማሽን አይዋሽም።»

«እርስዎ እኮ ያውቁኛል። ሦስት ወር ሙሉ ፊት ለፊትዎ ተቀምጫለሁ።»

«እኔማ አውቅሻለሁ። ደንቡ ነው የማያውቅሽ።»

ደሜ ፈላ። በዓይን የሚያዩትን ሰው ማሽን አላወቀውም ብሎ መካድ ምን የሚሉት ትምህርት ነው?

ኖኤላ ግን ድምጿን አላነሳችም። «ዝርዝሩን ያሳዩኝ።»

ከፈቱት። ስሟ ከነነጥቦቹ ተጽፏል።

«አለሁ አይደል?»

«አለሽ። የጻፍሽው ግን ሌላ ይሆናል።»

«በሩ ጠበበ ብለው ትከሻሽን ጥረቢ ሊሉኝ ነው? ቃልን ከኋላ ወደ ፊት መገልበጥ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እስቲ ሁለቱንም ይገልብጧቸው።»

እያጉረመረሙ በኮምፒውተሩ ገለበጧቸው። እሷ የጻፈችው ሲገለበጥ ነጥቦቹ ከኢ ጋር አብረው መጡ። የዝርዝሩ ሲገለበጥ ግን ኢን ጥለው ጎረቤቷ ኤል (l) ላይ ተቀመጡ።

«ይኸው» አለች። «እኔ የጻፍኩት ባለነጥብ አንድ ፊደል ነው። መዝገብ ቤት ፊደሉን ለብቻ፣ ነጥቡን ለብቻ አድርጎ ጽፎታል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት። ጥፋቱ የስሜ ነው ወይስ ሳያስተካክል የሚያወዳድረው ፕሮግራም?»

እኛስ ብንሆን በዓይኑ «ዓ» «ዓለሙ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው በአልፋው «አ» ጽፎ ቢመጣ፣ አንተ አይደለህም እንለዋለን?

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «አምና ሬኔ የሚባል፣ እንዳንቺው ስሙ ላይ ምልክት ያለበት ልጅ መልሻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «መጀመሪያ ስምህን መጻፍ ተማር ብዬ።»

«እሱስ ምን አደረገ?»

«ትምህርቱን ተወ።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። ሁለቱን ስሞች ከማወዳደሩ በፊት ወደ አንድ አጻጻፍ የሚያመጣ አንድ መስመር ፕሮግራሙ ላይ ጨመሩ። ኖኤላ አራት ደቂቃ ሲቀራት ገባች፤ ፈተናውንም አለፈች።

ዛሬ የሚስተር ፔትራሽ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፦ ሁለት ቃላት እኩል ናቸው ወይ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት በአንድ ዓይነት አጻጻፍ አስቀምጧቸው፤ ማሽኑ ሰውን ከካደ መጀመሪያ ማሽኑን መርምሩ። አምና ዘጠኝ ተማሪዎች በር ላይ ቀርተው ነበር፤ በሚያዝያው ፈተና ግን አንድም አልቀረም። ለሬኔም ራሳቸው ስልክ ደውለው ይቅርታ ጠየቁት። ልጁም «ስሜን እንዴት ነው የጻፉት?» አላቸው። ፊደል በፊደል፣ ከነምልክቱ ነገሩት።