ለልጃቸው የገዙት ጫት

ከፈረስ መጋላ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አጠገባቸው ለተቀመጠው ጎልማሳ ጫት ዘረጉለት።

«ይቅርብኝ እናቴ። የአእምሮ ሕመም አለብኝ፤ ጫት ይቀሰቅስብኛል።»

«ማሻአላህ፣ እንዲህ ሳታፍር! ማን ነገረህ?»

«ሐኪሙ። ይዞኝ የሄደውን ወንድሜን ትቶ ለራሴ አስረዳኝ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሕመሙ እየመጣ ነው ማለት ነው፤ ውዬ ሳላድር ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ተሻለኝ ብዬም ኪኒኔን አላቋርጥም።»

«የኔንም ልጅ ይኸው ሕመም ይዞት ቤት አስረነዋል። ጫቱንም የገዛሁት ለሱ ነው፤ ያረጋጋዋል ብዬ።»

«ስለ ሕመሙ ያስረዳው ሰው አለ?»

«ለሱ? እብድ ምን ይሰማል ብለን!»

«ይሰማል እናቴ። እኔም ታስሬ ሁሉን እሰማ ነበር። የት ነው የሚወርዱት?»

«ፈላና በር።»

«አብሬ ልውረድና እኔ ላስረዳው።»

ተያይዘው ሲወርዱ ጫቱ መቀመጫው ላይ መቅረቱን አየሁ፤ አልጠራኋቸውም።