ሳይለኩ የማይቆርጡት ልብስ ሰፊ

«አልቆርጥም አልኩህ አልቆርጥም! ሳልለካ መቀስ አላነሳም!»

«ኧረ በፈጣሪ ጋሼ! ያለፈው ዓመት ልኬ እያለ ምን ያስለፋዎታል? ያው ራሴ ነኝ፤ አልተለወጥኩም።»

«ራስህ መሆንህንማ እያየሁ ነው። እኔ የምጠይቅህ ስለ ሆድህ ነው።»

ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ጠመኔ በጣታቸው ይዘው በጠባቡ ሱቃቸው መሀል ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው፣ ሰርጉ የደረሰው ዳቦ ጋጋሪ እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሮ እምቢ ብሏል። ዳቦ ቤቱ እዚያው መንገድ ላይ፣ ጥቂት ቤቶች አለፍ ብሎ ነው፤ እሱ ግን እንደ ልማዱ በሞተር ሳይክል መጥቶ ሞተሩን ደጃፉ ላይ አቁሞታል። ሜትሩን የሚሸሸውም በከንቱ አይደለም። ቀበቶው አስቀድሞ ነግሮታል፤ ከቀበቶው በላይ ምስክር መስማት አልፈለገም።

ክርክሩ እንዲህ እንደ ጦፈ የልብስ ሰፊው የወንድም ልጅ ገባች። ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ የአባቷን ሱሪ ልትወስድ ነው የመጣችው።

«ምንድን ነው ጩኸቱ? ከመንገድ ይሰማል እኮ!»

«ነይ እስቲ ፍረጂን» አሉ አጎቷ። «ይሄ ሙሽራ በአምና ልክ ስፋልኝ ይለኛል።»

«አጎቴ እውነታቸውን ነው» አለች እየሳቀች። «ሰው ሳይታወቀው ይለወጣል። ግን እርስዎስ? መጨረሻ የተለኩት መቼ ነው?»

«የእኔ ወገብ እንደሆነ…»

«ወገብዎን አላልኩም። የደም ግፊትዎን ነው።»

«ጀመረችኝ!» አሉና ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «እኔ ጤነኛ ነኝ። ራሴን አያመኝ፣ አያዞረኝ። ክር በመርፌ ያለ መነጽር ነው የምሰካው።»

«እሱስ ሆዱ ሲወጣ ተሰምቶታል?»

«እኔን ለምን ትጨምሪኛለሽ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«የደም ግፊትም እንደዚያው ነው አጎቴ። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ ምልክት አያሳይም። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ልቡን፣ ኩላሊቱን፣ የአንጎሉን የደም ሥር ይጎዳዋል። ስለዚህ ትልቅ ሰው ምንም ባይሰማውም አልፎ አልፎ መለካት አለበት። ካልለኩት አይታወቅም።»

ልብስ ሰፊው ፊታቸው ጠቆረ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«አባትሽስ? እስኪለካ ድረስ ምን ሆኖ ነበር? ሄደ፣ ተለካ፣ ደም ብዛት አለብህ አሉት፤ ዓመት ሳይሞላው ወደቀ። እኔን መቀስ አያያዝ ያስተማረኝ እጅ ዛሬ ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። እይው፣ ሱሪውን በላስቲክ አደረግሁለት። እኔ ይህ ወሬ ቤቴ እንዲገባ አልፈልግም።»

ጭንቃቸው ይኸው ነበር። መለኪያው የሚጠቁመውን በሽታ ራሱ መለኪያው ያመጣው መሰላቸው፤ ይህ ስህተት ደግሞ በእሳቸው ብቻ የተጀመረ አይደለም።

«አባቴን የጣለው መለኪያው አይደለም» አለች ልጅቱ በቀስታ። «መድኃኒት ታዞለት ነበር። ለጥቂት ጊዜ ወሰደና ‹ደህና ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል› ብሎ ማንንም ሳያማክር ተወው። ደህና ያደረገው እኮ ያው መድኃኒቱ ነበር! አፍሮ ነው ያልነገረዎት። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ ግን ‹ለወንድሜ ንገሪው› አለኝ።»

ልብስ ሰፊው ሱሪውን አነሱና ቁልፉ የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«አይ ይሄ ሰውዬ!» አሉ። «እኔም ያለ ጥፋቱ መለኪያ ስረግም ከረምኩ።» ከዚያ እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀመሩ። «መለኪያሽን ይዘሽዋል?»

«ከቦርሳዬ መች ይለያል!»

ነገር ግን እንዳሰቡት ቶሎ አልለካቻቸውም። ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳርፋ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና አምስት ደቂቃ ዝም እንዲሉ አዘዘች።

«እሳቸውን ዝም ካሰኘሽ» አለ ዳቦ ጋጋሪው፣ «ነርስ ሳትሆኚ ተአምረኛ ነሽ!»

«አንተ ዳቦህን…»

«ይኸው ተናገሩ! እንደገና እንጀምራለን።»

በመጨረሻ ለካቻቸው፤ ጥቂት ጠብቃ ደገመች።

«ከፍ ብሏል። ግን በአንድ ቀን ልኬት አይፈረድም። ጤና ጣቢያ ይምጡና በሌላም ቀን ይለካል። መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙ ይነግርዎታል። ከታዘዘልዎት ‹ደህና ነኝ› ብሎ ማቋረጥ የለም!»

«እሱንማ ከወንድሜ ተማርኩ። እስከዚያስ?»

«ጨው ይቀንሱ፤ ገና ሳይቀምሱ ነው የሚነሰንሱት። ከስፌት መኪናው ቶሎ ቶሎ ይነሱ፤ ወደ ቤት በእግርዎ ይሂዱ። ሲጋራውን ደግሞ ጨርሰው ይተዉት።»

«የምን ሲጋራ?»

«ከክሩ ሳጥን ኋላ ያለውን።»

ዳቦ ጋጋሪው በሳቅ ፈነዳ። ልብስ ሰፊውም መቆጣት ጀምረው ሳቁ አሸነፋቸው።

«እሺ፣ ገብቶኛል» አሉ። «መለኪያ በሽታ አያመጣም፤ ያለውን ይናገራል። ጨርቁ ሳይቆረጥ ልኩን ያወቁት እንደሆነ ይስተካከላል፤ ከተቀደደ ወዲያ ግን መጣፍ ነው። በጊዜ ከደረስኩበት ይሄ እጄ መቀሱን እንደያዘ ያረጃል፤ ልቤም ኩላሊቴም ያመሰግኑኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ሱቄን ዘግቼ እመጣለሁ፤ ያንን ወንድሜንም ይዤው።»

ዳቦ ጋጋሪው ትንፋሹን ይዞ እጆቹን ከሆዱ ላይ አነሳና ወደ ጎን ዘረጋቸው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቡ ላይ አዞሩ።

«ተንፍስ እንጂ! ከሰርጉ በኋላ የት ልትደብቀው ነው?»

ተነፈሰ። ሜትሩ ተንሸራተተ፤ ልብስ ሰፊው ልኩን በጠመኔ ጻፉ፣ ጮክ ብለው ግን አላነበቡትም፤ ይህም ቸርነታቸው ነው። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ሲጋራውን ግማሽ ግማሽ ባደርገውስ?»

«ግማሽ የሚባል የለም።»

«ጨውስ? ትንሽ እንኳ?»

«ሲበስል ያለችው ትበቃዎታለች። ገበታ ላይ ግን አትቀርብም።»

«ጨውሽን ከገበታ አንሺ ብላት ሚስቴ ታሳድደኛለች!»

«ለእሳቸው እኔው እነግራቸዋለሁ።»

እንዲህ እየተከራከሩ እያለ ዳቦ ጋጋሪው ጃኬቱን ደረበና ወጣ። ሞተሩ ዘንድ ሲደርስ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ አየት አደረገው፤ መልሶ ከተተው። ወደ ዳቦ ቤቱ በሚያደርሰው በአጭሩ መንገድም አልሄደም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዙሪያውን በሚያዞረው ረጅሙ መንገድ በእግሩ አዘገመ።